የሆስፒታል ኮምፒውተር ታካሚ እንዳይጎዳ፦ ከዋርድ እስከ ሰርቨር ክፍል

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ 38 ተኩል ክኒን ዋጠ። መዋጥ የነበረበት 1 ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንቲባዮቲክ፣ ኮትሪሞክሳዞል ነው። ልጁ ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሳተ። ደግነቱ ተረፈ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሟ 160 ብላ ጻፈች። በልቧ 160 ሚሊግራም ማለቷ ነበር። ስክሪኑ ላይ የነበረው መለኪያ ግን «ሚሊግራም በኪሎ» ነው። ኮምፒውተሩ 160ን በልጁ ክብደት፣ በ38.6 ኪሎ፣ አባዛው። ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሐኪሟ አለፈችው። ለፋርማሲስቱም ወጣ፤ እሱም አለፈው። መድኃኒት የሚያሽገው ሮቦት የታዘዘውን ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ የክኒኑ ብዛት ግራ ገባትና ባርኮዱን ስካን አደረገች። ስክሪኑ «ልክ ነው» አላት። ከትእዛዙ ጋር እስከተስማማ ድረስ በእርግጥም ልክ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ሰነፍ አልነበረም። የተበላሸ ማሽንም አልነበረም። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያለውን አመነ፤ በቃ። ከሆስፒታል ሲስተም ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሰውና ማሽን በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የሚፈጠሩት። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለነርሶች፣ ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ለአይቲ ባለሙያዎች በአንድ ላይ ነው። አንዱ ብቻውን አንብቦ የሚፈታው ነገር የለም።

1. ምንም ሳትነኩ አንድ ሙሉ ፈረቃ ተቀምጣችሁ እዩ

ኃላፊም ሁኑ የአይቲ ባለሙያ፣ መጀመሪያ ዋርድ ሂዱ። ስብሰባ አትጥሩ፤ መጠይቅም አትበትኑ። ቢቻል የሌሊት ፈረቃ ምረጡ፤ ሰው የሚያንሰውና ድካም የሚበዛው ያኔ ነው። ለሠራተኞቹ «ልቆጣጠር ሳይሆን ልማር ነው የመጣሁት» በሏቸው። የምትሉት ከልባችሁ ይሁን፤ ካልሆነ በአምስት ደቂቃ ያውቁባችኋል።

ማስታወሻ ያዙና እነዚህን ፈልጉ። ስክሪን ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ በተለይ ፓስዎርድ ወይም «ይህ ሲመጣ ይህን ተጫኑ» የሚል። አንዱ በከፈተው ሎግ ኢን ሌላው ሲሠራ። ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት መልሶ ወደ ስክሪን የሚገለበጥ ቁጥር። በታካሚው እጅ ላይ መሆን ሲገባው ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ባርኮድ።

እነዚህ ሁሉ አቋራጮች ናቸው። አቋራጭ ስታዩ አትቆጡ። አቋራጩ የሲስተሙ ቀዳዳ የት እንዳለ በነጻ እያሳያችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ከኮምፒውተሩ ራቅ ሲል ሎግ አውት የሚያደርግ ሴንሰር የተገጠመላቸው ሆስፒታሎች ነበሩ። ሠራተኞች ሴንሰሩ ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ደፉበት። ኩባያውን ማንሳት ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «ተመልሶ ለመግባት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» የሚለው ነው።

እኔ የማልረሳው ነገር አለ። አንድ ሌሊት አንዲት ነርስ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ካለው ኮምፒውተር ሦስት ዶዝ አነበበችና በእስክሪብቶ ጓንቷ ጀርባ ላይ ጻፈች። በየአልጋው የምትገፋው ባለ ጎማው ኮምፒውተር ባትሪ ሞቷል። የመጀመሪያውን ታካሚ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትገባ ደንቡ እንደሚለው ጓንቷን ቀየረች። ሁለቱ የቀሩት ቁጥሮች ከጓንቱ ጋር ወደ ቆሻሻ መጣያ ገቡ። አንድ አፍታ ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ኮሪደሩን በሙሉ ተመልሳ ሄደች። ያን ሌሊት ደክሟት «አስታውሰዋለሁ» ብትል ኖሮ ማን ይፈርድባታል? ንጽሕናውን ስትጠብቅ የመረጃው ደኅንነት ይጠፋል። ሁለቱን ያጋጨባት ያረጀ ባትሪ ነው።

ስለዚህ ከፈረቃው ስትወጡ የጻፋችሁትን በሁለት ክፈሉት። በአንድ ሳምንት የሚስተካከል፣ እንደ ባትሪ፣ ማውስ፣ የስክሪን ከፍታ፣ የመብራት ነጸብራቅ ያለው አንድ ወገን። ሲስተሙ ራሱ መለወጥ ያለበት ሌላ ወገን። የመጀመሪያውን ወዲያው ሥሩ። ሰው የሚያምናችሁ በሁለተኛው ሳይሆን በመጀመሪያው ነው።

2. የተከፈተው መዝገብ የማን እንደሆነ ሁሌም አረጋግጡ

ትልቁ አደጋ በሚገባ የተሠራ ሥራ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ መዋሉ ነው። ማዘዣው ልክ ነው፣ ዶዙ ልክ ነው፣ ታካሚው ሌላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሰው ከመሃል ሲጠራ ነው። ስልክ ይጮሃል፣ ጓደኛ ይጣራል፣ ሲመለሱ የተከፈተው መዝገብ የቅድሙ አይደለም። ስለዚህ አንድ ልማድ ያዙ። ከተቋረጣችሁ በኋላ ማውሱን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ስም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ትንሽ ሊያሳፍር ይችላል። ግን ይሠራል፤ ዓይን የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ታካሚውን ስትለዩ ሁለት መለያ ተጠቀሙ፦ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ ወይም ሙሉ ስምና የልደት ቀን። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፤ ታካሚ አልጋ ይቀይራል። «አቶ እገሌ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የታመመ፣ የደነገጠ ወይም መስማት ያቃተው ሰው ለማንኛውም ስም «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎ ማን ነው?» ብላችሁ እሱ ራሱ እንዲናገር አድርጉ።

በእኛ ፊደል የሚመጣ ልዩ ችግርም አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፤ ሦስቱም አንድ ስም ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት። መዝጋቢው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ አዲስ መዝገብ ይከፍታል። የፔኒሲሊን አለርጂው አንዱ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ማዘዣው ሌላው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ መዝጋቢዎች መጀመሪያ በካርድ ቁጥር፣ ቀጥሎ በስምና በልደት ዓመት ይፈልጉ። የአይቲ ባለሙያዎች ደግሞ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጉ። ሲስተሙን ለሚሸጥላችሁ ድርጅት ይህን ከውል በፊት ንገሩት፤ በኋላ ልመና ይሆናል። ሁለት መዝገብ የማዋሐድ ሥራ ግን ለሁሉም ሰው አይሰጥም። የሁለት የተለያዩ ሰዎች መዝገብ በስህተት ከተዋሐደ መልሶ መለየት እጅግ ከባድ ነውና በሠለጠነ ሰው ብቻ ይሠራ።

አራስ ሕፃናት ደግሞ ስም ሳይወጣላቸው ነው የሚመዘገቡት። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሁሉንም «ወንድ ሕፃን» እና «ሴት ሕፃን» ማለቱን ትቶ በእናታቸው ስም፣ «የዌንዲ ሴት ልጅ» በሚል ዓይነት መመዝገብ ጀመረ። በሌላ ሕፃን መዝገብ ላይ የሚጻፍ ማዘዣ በ36 በመቶ ቀነሰ። የስም አጻጻፍ ለውጥ ብቻ ነው።

3. ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ አንብቡ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ይህ ነው።

መጀመሪያ ክብደት። በኪሎግራም ብቻ ይመዝገብ። ሲስተሙ ፓውንድንም የሚቀበል ከሆነ ፓውንዱን አስጠፉት። በፓውንድ የተጻፈ ክብደት ኪሎ ተብሎ ከተነበበ የልጁ ዶዝ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ክብደቱ የተመዘነበት ቀንም አብሮ ይታይ። ከስድስት ወር በፊት የተመዘነ ሕፃን ዛሬ ሌላ ሕፃን ነው።

ቀጥሎ ዜሮ። 5.0 አትጻፉ፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ይሆናል። 5 ብቻ ጻፉ። በተቃራኒው ግማሽ ስትጽፉ 0.5 በሉ። ዜሮው ከፊት ከሌለ ነጥቧ ትጠፋና 5 ይሆናል። ዩኒት የሚለውን ቃል በአንዲት የላቲን ፊደል፣ በ«U»፣ አታሳጥሩ። ፊደሏ ዜሮ ትመስላለች፤ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ተብሎ ይነበባል። ይህ በእጅ ጽሑፍ ዘመን የመጣ ደንብ ነው፣ ግን ስክሪን ላይም ይሠራል። ማብራሪያ የሚጻፍባቸው ነጻ ሳጥኖች እስካሉ ድረስ ሰው የለመደውን ይጽፋል።

ሦስተኛ ምርጫ ዝርዝር። ማውስ አንድ መስመር ሲንሸራተት መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል። ፍለጋውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴነሲ አንዲት ነርስ ቨርሰድ የሚባለውን ማረጋጊያ ፈልጋ የመድኃኒት ማውጫው ማሽን ላይ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «VE»፣ ጻፈች። ማሽኑ ቨርሰድን የሚያውቀው ሚዳዞላም በሚለው ስሙ ነበርና አላመጣላትም። ለታካሚው ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይወጣ የሚከለክለውን መቆለፊያ አልፋ እንደገና ስትፈልግ የወጣላት በእነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጀምረው ቬኩሮኒየም ሆነ። ጡንቻን አስሮ ትንፋሽ የሚያቆም መድኃኒት ነው። ታካሚዋ ሞተች፤ ነርሷም ፍርድ ቤት ቀርባ ጥፋተኛ ተባለች። ማለፍ የሌለባቸውን ምልክቶች ማለፏ እውነት ነው። በዚያ ጊዜ መቆለፊያን ማለፍ የየዕለት ሥራ ሆኖ እንደነበረም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ደኅንነት ባለሙያዎች የሚመክሩት ፍለጋ ቢያንስ 5 ፊደል እንዲጠይቅ ነው። የእናንተ ስንት ይጠይቃል? ዛሬውኑ ሞክሩት።

አራተኛ፣ ተሞልቶ የሚመጣ ቁጥር። ሲስተሙ ራሱ የሚሞላውን ዶዝ፣ ሰዓትና መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ ከፋርማሲስት ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እዩ። ሰው የተሞላ ሳጥን አያነብም፤ ባዶ ሳጥን ያነባል። በጣም አደገኛ ለሆኑ መድኃኒቶች ሳጥኑ ባዶ ቢሆን ይሻላል።

መድኃኒቱን የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ስክሪኑን ትታችሁ እጃችሁን እዩ። ለአንድ ጊዜ ዶዝ ከ3 ክኒን ወይም ከ2 ብልቃጥ በላይ ከያዛችሁ ቁሙ። ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ክኒን የሚጠይቅ ሕክምና አለ። ቢሆንም ደውላችሁ ሐኪሙን «ስንት ክኒን ማለትዎ ነው?» በሉት። ሚሊግራም አትጥሩ፤ ክኒን ቁጠሩ። ያቺን ሌሊት ሐኪሟ «38 ክኒን» የሚል ድምፅ ብትሰማ ኖሮ ከወንበሯ ትነሳ ነበር።

4. ማስጠንቀቂያ ቀንሱ

ይህ ለብዙ ሰው ግር ይለዋል። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ደኅንነት የሚጨምር ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ሐኪሞች ከመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን ያልፏቸዋል። ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በከንቱ የጮኸ ነገር ለአንዲት እውነተኛ አደጋ ሲጮህም ድምፁ ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአይቲ ክፍል የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በሙሉ ዝርዝሩን አስወጡ። የትኛው ስንት ጊዜ ወጣ? ስንት ጊዜ ታለፈ? ብዙ ጊዜ የወጡትን አሥሩን ውሰዱና ከአንድ ሐኪም፣ ከአንድ ፋርማሲስትና ከአንድ ነርስ ጋር ተቀመጡ። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚያልፈውና ማንንም ያልጎዳ ከሆነ አጥፉት፣ ወይም ሥራ ሳያስቆም ጎን ላይ ብቻ እንዲታይ አድርጉ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት በየቀኑ ተብሎ ሲታዘዝ ግን ማስጠንቀቂያ አይበቃም። በሩ ይዘጋ፤ የካንሰር ሕክምና መሆኑ ሳይረጋገጥ አይለፍ።

የሚቀሩትን ጽሑፋቸውን አስተካክሉ። «ዶዝ ከገደብ አልፏል» የሚለው አይረዳም። አንድ ነጥብ ያለፈውም 38 እጥፍ ያለፈውም እኩል ነው የሚታየው። «ይህ ዶዝ ከተለመደው 38 እጥፍ ነው» ሲል ግን እጅ ማውሱ ላይ ይቆማል።

5. ባርኮድ ሲያስቸግር ወረቀቱን መርምሩ

ባርኮድ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአንድ የቦስተን ሆስፒታል ጥናት መድኃኒት ሲሰጥ የሚፈጠረው ስህተት፣ የሰዓት መዛነፍን ሳይጨምር፣ በ41 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የሚጠቅመው ግን ባርኮድ ያለበት የታካሚው መለያ አምባር እጁ ላይ ሆኖ እዚያው ሲነበብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ነርሶች ባርኮድን የሚያልፉባቸውን 15 መንገዶችና 31 ምክንያቶች ቆጥሯል። ምክንያቶቹን ስታነቡ ስንፍና የሚባል አታገኙም። የተጨማደደ አምባር፣ ያለቀ ባትሪ፣ የማይደርስ ኔትወርክ፣ ባርኮድ የሌለው መድኃኒት፣ ተነጥሎ ያለ ታካሚ። ስካነሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ሲሆን ሰው መላ ይፈልጋል። የታካሚዎችን ባርኮድ አትሞ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ያኔ ስካነሩ የሚያረጋግጠው የነርሷን ኪስ እንጂ ታካሚውን አይደለም።

የማይነበብ አምባር ያጋጠመው ሰው በሁለት ደቂቃ አዲስ ማተም መቻል አለበት። ማተሚያው ምድር ቤት ካለ ማንም አይሄድም። በየዋርዱ አንድ አስቀምጡ። ስካን ሳይደረግ የተሰጠውን መድኃኒት በየሳምንቱ በዋርድ ለዩና እዩት። ቁጥሩ ሲጨምር መጀመሪያ ኔትወርኩን ፈትሹ፣ ቀጥሎ አምባሩን፤ ነርሷን በመጨረሻ።

6. ፓስዎርድ

አጭር ነው። በሌላ ሰው ሎግ ኢን አትሥሩ። ያዘዘው ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ስህተት ሲገኝ ደውሎ የሚያስቆመው ሰው አይገኝም። ኃላፊዎች ደግሞ ይህን ከማዘዛችሁ በፊት መግቢያውን አፍጥኑ። ካርድ አስነክቶ መግባት የሚቻልበት አሠራር ካለ ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው። አዲስ ተቀጣሪና ተለማማጅ ሐኪም ሥራ በጀመረ ዕለት የራሱ አካውንት ይኑረው። ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው የጓደኛውን ይጠቀማል፤ እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ታደርጉ ነበር።

የኢሜይል አባሪ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2021 አየርላንድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል ከፈተ። ሁለት ወር ገደማ ሰርጎ ገቡን የሚያስቆመው አልተገኘም። ግንቦት 14 ቀን የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኮምፒውተሮች በራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ፣ ተቆለፉ፤ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። እንግዳ ፋይል የከፈተ ሠራተኛ ወዲያው እንዲናገር አበረታቱት። የሚቀጣ ከሆነ ይደብቃል፤ ሁለት ወሩን የሚያገኘው ሌባው ነው።

7. ኮፒ ፔስት

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በአንድ ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎች የኮምፒውተር ማስታወሻ ውስጥ አዲስ የተተየበው 18 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። 46 በመቶው ኮፒ ነው፣ ቀሪው ከሌላ የሲስተሙ ክፍል የመጣ ነው። የትናንቱን ስትገለብጡ ምርመራውንና ዕቅዱን አጥፉና አዲስ ጻፉ። «እግሩ ላይ ቁስል የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቁስሉ ከወጣ በኋላ ለአምስት ቀን ሲገለበጥ አይቻለሁ።

8. ለአይቲ ክፍል፦ የማይታየውን ፈትሹ

በየጠዋቱ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በላብራቶሪውና በታካሚ መዝገቡ መካከል ተሰናክለው የቆሙ ውጤቶች። ሐኪሙ «ውጤቱ አልደረሰም» ብሎ ይጠብቃል፣ ላብራቶሪው «ልኬያለሁ» ይላል፣ የደሙ ፖታሲየም አደገኛ ወደሆነው 7 የደረሰበት ታካሚ መሃል ላይ ይጠፋል። የቆሙትን በስም የሚከታተል ሰው መድቡ፤ ለዓመት ፈቃዱም ተተኪ ይኑር። ሁለተኛ፣ የማሽኖቹ ሰዓት። አንዱ 20 ደቂቃ ከቀደመ ውጤቶች ቅደም ተከተላቸው ይዛባል፣ ሁለት ዶዝም ተቀራርቦ ሊሰጥ ይችላል። ሁሉም ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ይውሰዱ። ሦስተኛ፣ የሌሊቱ ባክአፕ። «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት አትመኑ፤ በወር አንድ ጊዜ መልሳችሁ ጫኑትና መከፈቱን እዩ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭና ከኔትወርክ ተነጥሎ።

ሶፍትዌር ስትፈትሹ እንደ ፈጣን ሰው ፈትሹ። ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 6 ታካሚዎችን ከመጠን እጅግ ባለፈ ጨረር አቃጥሏል፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። ከስህተቶቹ አንዱ የሚታየው ባለሙያዋ የጨረሩን ዓይነት በስህተት ጽፋ በ8 ሰከንድ ውስጥ ተመልሳ ካረመች ብቻ ነበር። ቀስ ብለው የፈተሹት አላገኙትም። ለወራት የሠራችና እጇ የፈጠነ ሰው አገኘችው። ማሽኑ ያሳየው «ብልሽት 54» የሚል ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ መመሪያው አያብራራም። እንዲህ ያለ መልእክት በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ «ቀጥል» የሚለውን መጫን ልማድ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሞዴል አደጋውን የሚያግድ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነበረው፤ በአዲሱ ላይ ሶፍትዌር ይበቃል ተብሎ ቀረ። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ሥራው ላይ የቆየች ነርስ ጥሩና በራሷ ፍጥነት ትሥራው። አበላሺው በሏት።

አዲስ ሲስተም ስትጀምሩ ደግሞ ሥራውን አብራችሁ ንደፉ። ፒትስበርግ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የኮምፒውተር ማዘዣ ከገባ በኋላ ከሌላ ቦታ ተልከው በሚመጡ ሕፃናት መካከል ሞት ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ከፍ አለ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ከለውጦቹ አንዱ ይህ ነበር፦ ቀድሞ ሕፃኑ መንገድ ላይ እያለ መድኃኒት ይዘጋጅ ነበር። በአዲሱ አሠራር ሕፃኑ ደርሶ ሳይመዘገብ ማዘዝ አይቻልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ያንኑ ዓይነት አሠራር ሲያስገባ ግን ሞት በ20 በመቶ ቀንሷል። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት በጣም የሚያስቸኩለውን ታካሚ መንገድ በእግራችሁ ተከተሉ። ከአምቡላንሱ በር ጀምራችሁ እያንዳንዱን ክሊክ ቁጠሩ።

9. ሲስተሙ የሚቆምበትን ቀን ዛሬ ተለማመዱ

መቆሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲመታ ወደ 19,000 ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ጠላፊ አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቆመ፤ ሆስፒታሎችም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የደኅንነት አፕዴት አታዘግዩ፤ ግን መጀመሪያ ጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑት፣ ከዚያ በየዙሩ ሌሎቹ ላይ።

በየዋርዱ ቀይ ሳጥን አዘጋጁ። የማዘዣ፣ የመድኃኒት መስጫ፣ የላብራቶሪ መጠየቂያና የክትትል ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ በወረቀት የታተመ የስልክ ዝርዝር ይኑረው። የስልኩ ማውጫ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ ሲስተሙ ሲቆም አብሮ ይጠፋል። አንድ ኮምፒውተር በባትሪ የሚሠራና ከማተሚያ ጋር የተያያዘ ይሁን፤ በየሰዓቱ የታካሚዎችን የመድኃኒት ዝርዝርና አለርጂ ራሱ ላይ ያስቀምጥ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ልምምድ አድርጉ፤ አንዱ ሌሊት ይሁን። ወጣት ሠራተኞች የወረቀት ማዘዣ ሞልተው ላያውቁ ይችላሉ። ሲስተሙ ሲመለስ ማን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል ወረቀቱን እንደሚያስገባ አስቀድማችሁ ወስኑ። መጀመሪያ የተሰጠ መድኃኒትና አዲስ አለርጂ ይግባ፤ የቀረው ይቆይ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው «ተመለሰ!» ከተባለ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ስክሪኑ ሙሉ ይመስላል፣ ግን የጠዋቱ ኢንሱሊን ገና ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ በየኮምፒውተሩ ላይ «መዝገቡ አልተሟላም» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ።

10. ሪፖርት ለሚያደርገው ሰው መልስ ስጡት

ጓንቷ ላይ ትጽፍ የነበረችው ነርስ ስለ ባትሪው ሪፖርት አድርጋ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ሦስት ጊዜ አድርጋለች። ማንም አልመለሰላትም። ባትሪው ሲቀየር የፈጀው 20 ደቂቃ ነው።

የሪፖርት ቅጹ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ የቱ እንደሆነ፣ ምን ልታደርጉ እንደፈለጋችሁ፣ ሲስተሙ ምን እንዳደረገ። ስክሪኑን ፎቶ ስታነሱ የታካሚውን ስም ሸፍኑ። ታካሚ ያልተጎዳበትንም ጻፉ፤ ለጥቂት የተረፈው ነገር የሚቀጥለው ታካሚ ላይ ይደርሳል። ሪፖርቱን የሚቀበለው ክፍል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ «ደርሶኛል፣ ይህን እያደረግኩ ነው» ብሎ ለላከው ሰው በስሙ ይመልስ። የማይሠራ ከሆነም ለምን እንደማይሠራ ይንገረው። የተስተካከሉትን በየወሩ በአንድ ወረቀት አትማችሁ በየዋርዱ ለጥፉ፤ ያገኘው ዋርድም ከጎኑ ይጻፍ።